ብርድ እንዳይገባ የዘጋነው መስኮት

ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ ቤታችሁ ካለ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከሌላችሁም አንብቡትና ላለበት ንገሩ። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፤ «ዳንኩ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ የሚያልቅ ታሪክ ከፈለጋችሁ የእኔ እንደዚያ አይደለም። አስም አለብኝ። አሁን ይህን ስጽፍም ትንፋሼ ያፏጫል። ደህና የሆንኩባቸው ዓመታት ግን ነበሩ። እንዴት ደህና እንደሆንኩና ያ ደህንነት እንዴት ከእጃችን እንደወጣ ነው የማወራው። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ካልተናደድኩ መጻፍ አይሆንልኝም፤ ታገሱኝ።

ስሜ ነጃት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ኮልፌ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት የኪራይ ቤቶች በአንዷ ነው። አባዬ አረቢያን መጅሊስ ይሰፋል። መጅሊስ ማለት ለማታውቁት ግድግዳውን ተከትሎ መሬት ላይ የሚዘረጋ መቀመጫ ነው፣ ከነመደገፊያው፣ ከነትራሱ። የእኛ ቤት መጅሊስ ወይን ጠጅ ቀለም ነበረው፤ ሦስቱን ግድግዳ ሞልቶ፣ ከሥሩ ምንጣፍ፣ ከጎኑ መሬት የሚነካ ወፍራም መጋረጃ። አባዬ ሱቅ ስለሌለው ደንበኛ ሲመጣ የሚያሳየው እሱኑ ነው። «ተቀመጡበት እስቲ፣ ዳስሱት» ይላል። ደንበኛው ከተቀመጠ በኋላ ሳያዝዝ የሚወጣ የለም። እኔ የምተኛውም እዚያው ላይ ነበር። በረንዳው ላይ ደግሞ ስፖንጅ ይቆርጣል፣ ይሞላል፤ ብናኙ በየጫማችን ውስጥ ይገኛል።

እማዬ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ጠላት ነው ያላት፤ ብርድ። ታክሲ ውስጥ ፊት የተቀመጠ ሰው መስኮቱን በትንሹ ከከፈተ ከኋላ ሆና «ወንድሜ፣ በአላህ ዝጋው፣ ልጅ ይዣለሁ» ትላለች። አትሳቁባት። እናንተም ትላላችሁ።

ሳሉ የጀመረኝ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ቀን እጫወታለሁ፣ ሲመሽ ደረቴ ማፏጨት ይጀምራል። እማዬ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ሰማችና «ብርድ መቷታል» አለች። መስኮቱን ዘጋችው። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈችው። ከበሩ ሥር ያረጀ ጋቢ አነጠፈች። አባዬም ነብር የተሳለበት ፀጉራም ብርድ ልብስ ገዝቶ መጣ፤ ያን ብርድ ልብስ በየቤቱ ታውቁታላችሁ። እኔ ሳል ስጨምር እማዬ ሌላ ቀዳዳ ፈልጋ ትወትፋለች። ከሰሉም እዚያው ውስጥ ነው፤ ወጥ የሚሠራበትም፣ ቤቱ የሚሞቅበትም እሱ ነው። በረሮ ከታየ ፍሊት ይነፋል፣ በሩ ይዘጋል፣ እኛም ትንሽ ቆይተን እንገባለን።

ክሊኒክ ያልሄድንበት የለም። አንዱ ቶንሲል ነው አለ። ሌላው የሳንባ ምች ነው ብሎ መርፌ አዘዘ፤ መርፌው ሲያልቅ ትንሽ ተሽሎኝ ነበርና እማዬ ዘመዶቿን ጠርታ አብልታለች። ቤቴል ያለ አንድ ክሊኒክ ደግሞ ራጅ አንስቶን «ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ ይጣራ» አለ። ቲቢ አልነበረም። ግን ቃሉ ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ኖሮ ግቢው ውስጥ ያሉ ልጆች አብረውኝ እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። ያ ጊዜ ትዝ ሲለኝ ከሳሉ ይልቅ እሱ ያመኛል። በረንዳ ላይ ተቀምጬ እነሱ ሲዘሉ አያለሁ፣ እማዬ ማርና ጥቁር አዝሙድ በማንኪያ ይዛ ትመጣለች፣ እውጣለሁ።

የክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ እየጠበቀ ያላደገ ሰው አይገባውም። እናቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ልጃቸውን አቅፈው የሌላውን ልጅ አተነፋፈስ ያዳምጣሉ። «የእኔዋ ትሻላለች» ብለው ለመጽናናት ነው መሰለኝ። እማዬ ግን ከእኔ የባሰ አግኝታ አታውቅም ነበር። አንዲት የማናውቃት ሴት አንዴ ተራዋን ለቃልን፣ ልጇን አዝላ ወደ ወረፋው መጨረሻ ሄደች። ስሟን እንኳን አልጠየቅናትም።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም አስም ነው አለ። ወደ ሳንባ አየር የሚያመላልሱት ቧንቧዎች ይቆጣሉ፣ ያብጣሉ፣ ይጠባሉ ብሎ አስረዳን። እኔ በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ የሚያስቸግረው አየሩን ማስገባቱ አይደለም፣ ማውጣቱ ነው። ገብቶ እምቢ ይላል። ሞልታችሁ ትታፈናላችሁ። ሁለት ፓፍ አዘዘልኝ፤ ሰማያዊው ሲጨንቀኝ ብቻ የሚነፋ፣ ቡኒው ቢሻለኝም በየቀኑ የሚወሰድ። ቤት ስንደርስ ግን የእማዬ ታላቅ እህት መጥታ ነበር።

«ይሄን ነገር አስጀመርሻት?» አለቻት እማዬን። «ሱስ ነው እኮ። ልብ ያደክማል። ነገ ስታድግ ቦርሳዋ ውስጥ ፓፍ ያላትን ልጅ ማን ያገባታል?»

ትምህርት ቤት ላልገባች ልጅ ባል ታስቦላት ፓፎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ተደበቁ። ሰማያዊው ልሞት ስል ይወጣል፣ ቡኒው ጭራሽ ተረሳ።

ከዚያ ዱዓ ይደረግላት ተባለ። ሐሙስ ከሰዓት ነበር። የሰፈራችን ሼህና ሽማግሌዎች መጡ፣ መጅሊሱ ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ፣ እኔን መሀል ምንጣፉ ላይ አስቀመጡኝ። ዑድ የሚባለው የሽታ እንጨት ተጨሰ። ሰው በመጣ ቁጥር ከሰሉ ላይ ይጨመራል፣ መስኮቱ የተወተፈ ነው፣ በሩ ለብርዱ ተዘግቷል። ሁሉም ለእኔ ትንፋሽ ነው የሚለምነው። ለእኔ እያለቀሱ የሚለምኑ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አሁን ድረስ ፊታቸውን አውቀዋለሁ። እኔ ደግሞ መሀላቸው ተቀምጬ አየሩ አልወጣ አለኝ። ልናገር ብሞክር ድምፅ የለም። የእማዬን ቀሚስ ያዝኩ፤ እሷ እጆቿን ዘርግታ አሚን እያለች ነበርና መጀመሪያ አላስተዋለችኝም።

ያዩኝ ሼሁ ናቸው። ዱዓውን አቋረጡ። ተነሡ፣ ከጎናቸው የነበረውን የውሃ ማንቆርቆሪያ ከሰሉ ላይ ገለበጡት። ከዚያ በሩን በእጃቸው ከፈቱትና «ልጅቷን ይዛችሁ ሩጡ» አሉ።

አባዬ ተሸክሞኝ አስፋልት ወጣን። የመጣው ሚኒባስ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ረዳቱ ሁለት ሰው አስወርዶ አስገባን። አንድ ልጅ እግር «አየር ትፈልጋለች» ብሎ መስኮቱን ከፈተልኝ። ነፋሱ ፊቴን ነካኝ። እማዬ እንባዋ እየወረደ «ዝጋው ልጄ፣ ዝጋው፣ ብርዱ ይገድልብኛል» አለችው። ልጁ አየኝ፣ እሷን አየ፣ ዘጋው። እናቴን እወዳታለሁ። ያን መስኮት ግን ዛሬም አልረሳሁትም።

ሆስፒታል ኦክስጂን ሰጡኝ፣ በጭንብል እንደ ጉም የሚወጣ መድኃኒት ተነፈስኩ፣ ተረፍኩ። እዚያ ክፍል ሲስተር ማርታ የምትባል ነርስ ነበረች። ታክመው የሚወጡትን፣ ግን ተመልሰው ተመልሰው የሚመጡትን ልጆች ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታያለች። ለእማዬ «መድኃኒቱ ሥራውን ይሠራል፣ እናት። ቤት የሚጠብቃት ነገር ግን እያፈረሰው ነው። ልምጣና ልየው» አለቻት።

መጣች። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ተቀመጪ ተባለች፣ አልተቀመጠችም። መጋረጃውን ነካች። አባዬን አስፈቅዳ ጥግ ያለውን የመጅሊስ መደገፊያ ከግድግዳው ሳበችው። ከኋላው ግድግዳው ጥቁር ነበር። ጣሪያው በዚያ በኩል ያፈስ ኖሮ እርጥበቱ ወርዶ ሻግቷል። እኔ ራሴን ወደዚያ አድርጌ ነበር የምተኛው።

«አቧራው፣ ሻጋታው፣ ጭሱ፣ ፍሊቱ፣ የስፖንጁ ብናኝ፣ ይሄ ሁሉ ደረቷን ያስቆጣዋል» አለች። «ምንጣፉም፣ መጅሊሱም፣ ብርድ ልብሱም ቢወጣ ደስ ይለኛል።»

አባዬ «እህቴ፣ ይሄ እንጀራዬ ነው። ሰው የሚያዝዘኝ ይሄን አይቶ ነው» አላት።

«አውቃለሁ። አውጡ ብዬ ላዝዝዎት አልችልም።»

«መስኮቱንስ?» አለች እማዬ። «ከፍቼ ብርድ ይጨርሳት?»

«ቀዝቃዛ አየር ሊያስላት ይችላል፣ አልዋሽዎትም። ሲበርድ አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ ይሸፍኑላት። የተዘጋ ቤት ግን ጭሱንም ሻጋታውንም ይዞ ነው የሚያስተኛት።»

ሲስተር ማርታ ክፉ አልነበረችም፣ መልአክም አልነበረችም። ትቸኩላለች። ቡኒው ፓፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይከፈት ስታገኘው እማዬ ላይ ጮኸችባት፣ እማዬም አለቀሰች። ከዚያ ተረጋግታ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ጠየቀች፣ ከሥሩ በፓፉ አፍ ልክ ቀደደችው፣ ፓፉን ሰክታ በጠርሙሱ አፍ በኩል ረጋ ብዬ እንድተነፍስ አሳየችኝ። በቀጥታ ስነፋው አብዛኛው ጉሮሮዬ ላይ ነበር የሚቀረው። «ይሄ ሱስ አይደለም» አለች። «መነጽር የሚያደርግ ሰው ሱሰኛ ነው?» አባዬ መነጽር አለው። ሳቀ፤ በዚያ ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ስነሣ ምላጭ ይዞ የመጅሊሱን ስፌት እየተረተረ ነበር። ሊቆርጠው ይችል ነበር፤ እሱ ግን የራሱን ስፌት ክር በክር ፈታው። ጨርቁን አጣጥፎ ለብቻ አስቀመጠ። እማዬ ደጃፍ ላይ ቆማ ሬሳ ከቤት ሲወጣ እንደምትመለከት ሰው ታያለች።

ቤታችን ተለወጠ። የአባዬ ሥራ አጠና ተራ ወደሚገኝ ጓደኛው መጋዘን ሄደ፤ ማታ ሲመጣ ልብሱን ውጭ ለውጦ ታጥቦ ይገባል። ጣሪያው ተደፈነ፣ ሻጋታው ተፋቀ፣ ግድግዳው ኖራ ተቀባ። ወለሉ ልሙጥ ሲሚንቶ ሆነ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ነብሩ ተሰናበተ፤ አንሶላዬ በፈላ ውሃ እየታጠበ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከሰሉ ውጭ የቆርቆሮ መጠለያ ተሠራለት። የተወተፈው መስኮት ተከፈተ፣ ከፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ደግሞ ሁለተኛ መስኮት ወጣ፣ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። የቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ «ግድግዳዬን ልታፈርሱብኝ ነው?» ብለው ተቆጥተው ነበር። በኋላ «በራሳችሁ ወጪ ከሆነ እሺ» አሉ። በራሳችን ነበር።

ተኛሁ። በቃ፣ ሌላ አልጨምርበትም። እንደ ሰው ልጅ ተኛሁ። ቡኒውን በየቀኑ ወሰድኩ፣ ክረምቱ መጥቶ ሄደ፣ ሆስፒታል አልሄድኩም። ግቢው ውስጥ ካሉት ልጆች ጋር ገመድ ዘለልኩ። ሼሁም ተመልሰው መጡ፤ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ያለ ጭስ፣ ዱዓ አደረጉልኝ። «አላህ ያለ ዑዱም ይሰማናል» አሉ።

ግን ያለ ዋጋ አልነበረም። ለዒድ የመጣ ዘመድ ኖራ የተቀባ ግድግዳና የፕላስቲክ ወንበሮች አይቶ «ምነው፣ ደህና ናችሁ? ምን ደረሰባችሁ?» ይላል። እማዬ እንግዳ መሬት ላይ ተመቻችቶ የማይቀመጥበት ቤት ይዛ ታፍራለች። የአባዬ ደንበኞችም ቀሩ። አንዱ በር ላይ ቆሞ አንገቱን አስግጎ አየና «መጅሊስ ሰፊ ቤት መጅሊስ ከሌለ ምኑን አምኜ ላዝዝ?» ብሎ ሄደ። አባዬ እኔን እያየ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ ግን ገብቶኛል፤ የትንፋሼ ዋጋ ከእሱ እንጀራ ላይ ነበር የሚቀነሰው።

ዓመታት እንደዚያ ኖርን። ትልቅ ልጅ ሆንኩ። ከዚያ አንድ ቀን እትዬ አስካለ መጡ። ቤታችን ብዙም አይገቡም ነበር። ሁለቱ መስኮቶች መሀል ቆሙና ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ይቺ ክፍል ታፈስ አልነበረም?» አሉ። «ምን ሆነች እንዲህ! ብርሃን በብርሃን። አየሩስ ብትዪ።»

እማዬ «እርስዎ ስለፈቀዱልን ነው» አለች፣ ደስ ብሏት።

ከወር በኋላ ልጃቸው ዳዊት ሊያገባ እንደሆነ ነገሩን። በጨዋ ደንብ፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው የነገሩን፣ ክፉ ሰው ነበሩ አልልም። «የኔ ሁኔታ ይገባሻል፣ ዘይነባ። ልጄን የት ላስገባው? ከሁሉም ይቺ ነች ለሰው የምትሆነው።» እማዬም «እንኳን ደስ ያለዎት» አለች።

ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ደብቄ አልጽፍም። ሰውን ጠላሁ። አባዬ እንጀራውን ተርትሮ የሠራልኝን አየር ሌላ ሰው ሊተነፍሰው ነው አልኩ። ሲስተር ማርታ የነገረችን ሁሉ እውነት ነበር፣ አንድ ነገር ብቻ አልነገረችንም፤ ቤቱ የእናንተ ካልሆነስ የሚለውን። እሷም መልሱን አታውቀውም። ቤት አስተካክሉ የሚሉን ሁሉ የሚያወሩት ቤት ላለው ሰው ነው።

ሰፈር ቀይረን ሳንሱሲ ገባን። ባለን አቅም የተገኘችው ክፍል አንድ መስኮት ነው ያላት፣ እሱም ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተፋጥጧል፣ ክንድ ቢዘረጋ ይነካል። አዲሱ አከራይ ሌላ መስኮት ማውጣት አይታሰብም አለ። ከሰል ውጭ ማኖሪያም የለም፣ ኮሪደሩ የሁሉም ነው፣ ሁሉም እዚያው ያነዳል። ወለሉን እንወለውላለን፣ አንሶላውን እንቀቅላለን፣ ቡኒውን እወስዳለሁ። ባይሆን ከዚህ ይብስ ነበር ይላሉ ሐኪሞቹ፤ አምናቸዋለሁ። ቢሆንም ፉጨቱ ተመልሷል። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ተሸክመው ሆስፒታል ወስደውኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ አባዬ ጀርባ ላይ ሆኜ ሲያነክስ ይሰማኛል። ተስፋ አለሽ ወይ ብትሉኝ፣ በአብዛኛው የለኝም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ዳዊት ያቺን ክፍል ለሙሽራይቱ ሲያሰናዳ አባዬን ፈልጎ አገኘው። «እጅዎን አውቀዋለሁ» ብሎ መጅሊስ አዘዘው። አባዬ ሥራ አጥቶ ነበር፣ እሺ አለ። አጣጥፎ ያስቀመጠው ወይን ጠጅ ጨርቅ ነበረ አይደል? እሱን ጨምሮ ሰፋው። በዚያችው ክፍል፣ በሦስቱ ግድግዳ ላይ ዘረጋው።

በቅርቡ ደግሞ አንድ ትራስ ተቀዶ ሊጠግን ሄዶ ተመለሰ። ራት አልበላም። እማዬ «ምነው?» አለችው።

«ልጅ ወልደዋል» አላት። «ያፏጫል።»

«ምኑ?»

«ደረቱ። እንደ ነጃት ነው የሚያፏጨው። ሁለቱንም መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደዋቸዋል።»

እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላዘንኩም፣ ትንሽም ደስ ብሎኝ እንደሆነ አላውቅም። እማዬ ግን በማግሥቱ ጠዋት ሻርፗን ተከናንባ ተነሣች። «የት ነው?» ስላት «ኮልፌ» አለች። ከተነሣንበት ቀን ጀምሮ በዚያ ሰፈር እንኳን አልፋ አታውቅም።

የሆነውን ስትመለስ ነው የነገረችኝ። የዳዊት ሚስት ትዕግሥት በር ከፍታላት፣ በክብር አስገብታ፣ የአባዬ መጅሊስ ላይ አስቀምጣታለች። ሕፃኑ በፀጉራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እማዬ ልመናም ምክርም እያደባለቀች ሁሉንም ነግራታለች፤ መስኮቱን፣ ምንጣፉን፣ ከሰሉን፣ ሆስፒታል ሳይደርስ ቶሎ እንድታሳየው። መስኮቱን የጋረደውንም ብርድ ልብስ ልትገልጠው ተነሥታ ነበር።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«እጄን ያዘችኝ። ‹እትዬ ዘይነባ፣ ብርድ ነው እኮ፣ ልጅ ይዣለሁ› አለችኝ።»

እማዬ ሻርፗን ምስማሩ ላይ ሰቀለች። የእኛን አንዲት መስኮት ሄዳ እስከ መጨረሻው ገፍታ ከፈተችው። ኮሪደሩ ላይ የተያያዘው ከሰል ጭሱ በበሩ ሥር እየገባ ነበርና ጋቢ ፈልጋ ከበሩ ሥር ወተፈችው። ከዚያ መጥታ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ አደረገች፣ ልክ እንደ ድሮው።